አንድ አድራሻ ለሁለት

ተቃውሞ ያስነሳው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ ወራት አልፈዋል። የሰበታ መንገድ ግን ሬዲዮ አይሰማም መሰል፣ አሁንም በድንጋይ ይዘጋል።

ላሊሴ በሳሙና ፋብሪካው የጭነት ማዘዣ የምታትም ጸሐፊ ናት። ወንድሟ ቦሩ በግርግሩ ከታሰረ ወዲህ ሲያስቋት ትስቃለች፣ ሲያቀርቡላት ትበላለች፤ ጣዕሙ ግን አይታወቃትም። ከሳምንቱ የምትለየው ሐሙስን ብቻ ነበር። ሐሙስ ቴክኒሻኑ ወንዳፍራሽ ከአዲስ አበባ መጥቶ የቢሮውን ያረጀ ሰርቨር ያባብላል፤ እሷ ገመድ ታቀብለዋለች። አንዴ ጣታቸው ቢነካካ ሁለቱም ገመዱን ይቅርታ ጠየቁት። ሰባት ሐሙስ እንዲሁ አለፈ።

በስምንተኛው ሐሙስ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኝ አዲስ ስዊችና አዲስ የኔትወርክ ካርድ ይዞ መጣ። የሰርቨሩም አይፒ አድራሻ፣ በኔትወርኩ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ተቀየረ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርሁን፣ ከእንግዲህ ብልሽት የለም፣ የቴክኒሻን ምልልስም የለም ብለው እጃቸውን አፋተጉ። ላሊሴ «እሰይ» አለች። ድምጿ ከሌላ ክፍል የመጣ መሰላት።

በማግስቱ ማተሚያው ቆመ።

ላሊሴ ስምንት ሐሙስ በከንቱ አልቆመችም። የማተሚያውን ቅንብር በኮምፒውተሯ ከፍታ ብታይ ሰርቨሩና ማተሚያው አንድ አድራሻ ተሰጥቷቸው ይገፋፋሉ። የማተሚያውን አድራሻ የመጨረሻ ቁጥር መለወጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። መልሳ ዘጋችውና ለአቶ ዘርሁን፣ ቴክኒሻን ይጠራ አለቻቸው።

ተጠራ። መንገዱ ግን ተዘጋ። እሷም አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ማዘዣ በእጇ ጻፈች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወንዳፍራሽ ደረሰ፤ ታክሲ ስላልነበረ ከዓለም ገና በእግሩ።

«አካም ጅርታ፣ ላሊሴ?» ብሎ በኦሮምኛ ደኅንነቷን ጠየቃት።

«አለሁ። የሌለው ማተሚያው ነው።»

ስክሪኑን አየ። ቀጥሎ ቀለም የጠጡ ጣቶቿን አየ።

«ይቺን ብልሽት እኮ ታውቂያታለሽ።»

«አውቃታለሁ።»

የስዊቹ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለቱም እሱን ያያሉ።

«አንተስ፣ አንድ አድራሻ ለሁለት የሰጠኸው ተሳስተህ ነው?»

«ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ» አለ አቧራ የለበሰ ጫማውን እያየ። «እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም።»

ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችና ቁጥሩን ለወጠችው። ማተሚያው አጓርቶ የአሥራ አንድ ቀን ማዘዣ ይተፋ ጀመር።

«ሐሙስ እዚህ የለሁም» አለችው። «ቦሩን ልጠይቅ እስር ቤት እሄዳለሁ። አባቴም አብሮኝ አለ። አማርኛ ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል።»

«የቦሩን ምሳ እኔ ልያዝ?»

ከወለሉ ወረቀት ልትለቅም ጎንበስ ስትል ጣቶቿ አመሟት። አሥራ አንድ ቀን ስትጽፍ አላመሟትም ነበር።

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ» አለች፤ «እንዳታረፍድ።»