ሲስቁበት የሚገዛው አባት

«ተጫኚው እንጂ! ምን ያፈዝሻል?» አባቷ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋላት።

የሱ የልብስ ሰፊ ጣት ነው፤ በካውያና በመርፌ ደንድኖ ስልኩ እንኳ አይሰማውም። ስለዚህ ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ ሲገዛ፣ «ግዛ» የሚለውን ሁሌ የምትጫነው እሷ ናት። እስከ ዛሬ የሚገዛባት የተራረፈች ብር ስለነበረች ምንም አልመሰላትም። አሁን ስልኩ ላይ የገባው ግን የተሸጠው የጥልፍ ማሽን ዋጋ ነው። የትምህርት ቤቱን ሁሉ ዩኒፎርም አርማ የሚጠልፈው፣ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው ማሽን! የማሽኑ ገዢ «እስኪጫን ድረስ ሐሳብህን መቀየር ትችላለህ» ብሎ፣ ከፍሎ ሄዷል። ጫኞቹ መንገድ ላይ ናቸው።

«ይሄን አየሽ?» አለ አባቷ፣ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩ ፊደላትና ቁጥሮች እያሳያት። የአንድ ሰው ሂሳብ ነው፤ ስሙን ግን ማንም አያውቅም። እንዲህ ክሪፕቶ በገፍ የሚያከማቹትን ዓሣ ነባሪ ይሏቸዋል። አባቷ ግን ልክ እንደ አብሮ አደጉ «ሰውዬው» ነው የሚለው። «ሰውዬው ዛሬም ገዝቷል። ዓለም ሁሉ ጉም ነው፣ አበቃለት ሲል እሱ ዝም ብሎ ይለቅማል። ትልልቆቹ ሰው ሲስቅ ነው የሚሰበስቡት!»

ጎረቤታቸው ሰዓት ጠጋኙ አንገቱን በበሩ አሰገገ። «ከበርቴው! አውሮፕላኑን ስትገዛ እኔን ሻንጣ ተሸካሚ አድርገህ ቅጠረኝ እሺ!»

የአባቷ መንጋጋ ጥርቅም አለ። «ተጫኚ» አላት ቀስ ብሎ።

ያኔ ገባት። ባለፈውም እንዲሁ ነበር። እራት ላይ «አባዬ፣ በዚህ ሳንቲምህ ሽንኩርት ይሸጡልናል?» ብላ ቤቱን በሳቅ ስታፈርሰው፣ ሳህኑን ገፍቶ «ነይ ተጫኚልኝ» አላት። አጎቷ ሲቀልድበት ጨመረ። እናቷ ስትተርበው እጥፍ አድርጎ ጨመረ። ይሄ ሰው የሚከተለው ገበያውን ሳይሆን ሳቁን ነው! በሳቁበት ቁጥር ልክ እንደሆነ ይበልጥ እርግጠኛ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ያሳቀችው ደግሞ እሷ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው።

አሁንም አንድ ቀልድ ከንፈሯ ላይ ደርሷል። ደሞ ምርጥ ነው። እየመረራት ዋጠችው።

«አባዬ፣ ይሄ ነገር ዜሮ ቢገባ ሰውዬው ነገ ምን ሠርቶ ይበላል?»

«እሱማ ሌላ ስንት ነገር ይኖረዋል! ይሄ ለሱ የኪስ ገንዘብ…» ዓይኑን ከስክሪኑ ነቅሎ አያት። «ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«ሙት ስልህ፣ አልያዝኩም።»

ውጭ መኪና ቆመና ጡሩምባ ነፋ። አባቷ ማሽኑን አየ። መርፌው ሥር ግማሽ የተጠለፈ አርማ እንደተወጠረ ነው።

«መጡልህ!» አለ ሰዓት ጠጋኙ ሳቁ እያመለጠው። «የአውሮፕላኑ ሹፌሮች…»

«ጋሼ፣ ዛሬ ሳቅ ዝግ ነው» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችበት። ስልኩን ከአባቷ እጅ ወስዳ የተቆረጠው ጨርቅ ላይ ደፋችው። ከዚያ ዱካ ስባ ጉልበቱ ሥር ቁጭ አለች።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ። ለምን እንዳመንክበት። አልስቅም።»

አባቷ ዓይኗ ውስጥ ሳቅ ፈለገ፤ ሲያጣ ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ። ጡሩምባው እንደገና ጮኸ።

እሷ በሩን ልትከፍት አልተነሳችም።