የጋለው ክምር

የጀይሉ ሬሳ የተገኘው ሰኞ ጠዋት፣ ከሚሴ ከተማ ዳር በሚሠራበት የማዳበሪያ ግቢ ውስጥ ነው። ሠራተኛዋ ረቢአ ከየሆቴሉና ከየቤቱ የተሰበሰበውን የምግብ ትርፍራፊ ልታገላብጥ ክምሩን በመንሽ ስትከፍተው መጀመሪያ ጫማው ወጣ። ጭንቅላቱን ከኋላ ተመቷል። የመጣው ሐኪም ገላው ገና አለመቀዝቀዙን አይቶ፣ ጎህ ሲቀድ ሳይገደል አይቀርም አለ።

ኢንስፔክተር መስታወት የሚመለከታቸውን በየተራ አነጋገረች። ባለሆቴሉ ጌዲዮን በክምሩ ሽታ የተነሳ ከሟቹ ጋር ተኳርፎ ከርሟል፤ ጎህ ሲቀድ በግቢው በር ማለፉንም አልካደም። የጀይሉ አብሮ አደግና የሥራ ባልደረባ ሙጂብ ግን በዚያ ሰዓት ወደ ባቲ ገበያ በሚሄድ መኪና ላይ ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ ምስክሩ ነው። የሟቹ ሚስት ዓፊያ ባሏ እሑድ ባይገባም እንዳልሰጋች ተናገረች። ጨፋ ሮቢት፣ ማዳበሪያ የሚገዟቸው ገበሬዎች ዘንድ ሄዷል፣ እዚያው ያድራል ብሎ ሙጂብ ማታውን ቤቷ መጥቶ ነግሯት ነበር።

መስታወት ሬሳው የወጣበት ጉድጓድ ውስጥ እጇን ሰደደችና ወዲያው መለሰችው፤ ይፋጃል። መጋዘን ገብታ ለሽያጭ የታሰሩትን ጆንያዎችም ዳሰሰች። እነሱም ሙቅ ነበሩ። ከዚያ ረቢአን በዚህ ክምር ላይ መጨረሻ የደፋችው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት። እሑድ አሥር ሰዓት አለቻት፤ የደፋችው የሙዝ ልጣጭና የጎመን ቅጠል ዛሬ ጠዋትም ሳይነካ እንዳለ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙን ያሳሳተው የክምሩ ሙቀት ነው» አለች። «ጀይሉ የተገኘው ረቢአ ከደፋችው በታች ነው። ስለዚህ ትናንት ከአሥር ሰዓት በፊት ሞቷል። ግቢው ውስጥ ካሉት አምስት ክምሮች የጋለው ይሄ ብቻ ነው። ሬሳ እንደሚያሞቅ አውቆ የመረጠው፣ ለዛሬ ጠዋት ብቻ ምስክር ያዘጋጀ ሰው ነው። አቶ ሙጂብ፣ ታዲያ ትናንት ማታ ጨፋ ሮቢት ሄደ ያሉት ማንን ነው?»

ሙጂብ ዓይኑን ወደ መጋዘኑ መለሰ።

መስታወት ቀጠለች። ሙቀቱ እንደሚያሳየው በጆንያ የታሰረው ማዳበሪያ ገና አልበሰለም፤ የሚያሽገው ደግሞ ሙጂብ ነው። የጨፋ ሮቢት ገበሬዎችን የማሽላ ቡቃያ ያቃጠለው ይኸው ጥሬ ማዳበሪያ ነው፤ ጀይሉ ይህን ደርሶበታል።

«በገበሬው ፊት ሊያዋርደኝ ነበር» አለ ሙጂብ በመጨረሻ። «ሰኞ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አለኝ። ወላሂ፣ አስቤበት አልነበረም የመታሁት።»

ዓፊያ ቀና አለች።

«ይህን ቅዳሜ ነግሮኛል። የማን ጥፋት ነው ብዬ ብጠይቀው አልነግርሽም አለኝ። ‹ሳይበስል ያሸግኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ› ነበር ያለው። ስምህን ሊያነሳ አልነበረም።»

ሙጂብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አንተ ግን» አለች ዓፊያ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «እሱን እዚህ ቀብረህ መጥተህ፣ ከልጆቹ ጋር እራት በላህ።»