አያት ያርካ ወደ ሐይቁ አፍ

በረዶው ሳይሪና ወንድሟ ፓውካር ላይ የወረደው ገና የመንደራችን ጭስ ከኋላቸው እየታየ ሳለ ነው። በረዶ ስል የበቆሎ ፍሬ የሚያክል እንዳይመስላችሁ። ትንሹ የላማ፣ የዚያ ጭነት ተሸካሚ እንስሳችን፣ ራስ ያክል ነበር፤ ትልቁን ብነግራችሁ ዋሸ ትላላችሁና ይቅር።

«እትዬ፣ እንጠለል!» ብሎ ጮኸ ፓውካር።

«አንተ ብትፈነከት ይድናል፤ አያትን ሸፍናቸው!» አለችው ታላቅ እህቱ ሳይሪ፣ ወንጭፏን ራሷ ላይ ጠምጥማ ሽቅብ እየሮጠች።

«ይሄ ደረቅ ምን ይሰማዋል?»

«ደረቅ የሚሆነውስ በቆሏችን ነው። ሩጥ!»

አያት ያርካ መቼ እንደሞቱ የሚያውቅ ሰው የለም። ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው፣ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልለው፣ የፓውካር ጀርባ ላይ ታስረዋል። በየዓመቱ የሐይቁን ውኃ የሚገድበው በር ሲከፈት መንደር ሁሉ የመጀመሪያ አባቱን ተሸክሞ ይወጣና በቦዩ አፍ ያስቀምጣል። አባቱ የተቀመጠለት ውኃ ይወስዳል፤ መቀመጫው ባዶ የሆነበት እስከ ከርሞ ምራቁን ይጠጣል። በሩ የሚከፈተው ነገ ቀትር ላይ ነው። የእኛ በቆሎ ደግሞ ከወዲሁ ቅጠሉን ጠቅልሎ ሞቱን እየጠበቀ ነበር። ፓውካርን የመረጥነው ከአገር ሁሉ የበለጠ ጉልበት ስላለው ነው፤ ስንፍናውም ከጉልበቱ አያንስም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሣር ገመድ ድልድዩ ላይ ደረሱ። ከሥሩ ያለው ገደል ድንጋይ ቢወረውሩበት ድንጋዩ መሬት ሳይነካ ያረጃል። ነፋሱ ድልድዩን እንደ ጅራት ያወዛውዘዋል። ፓውካር ገመዱን ጨብጦ መሃል እንደደረሰ አንድ ፑማ፣ ያ የተራራ አንበሳ፣ ከኋላው ካለው አለት ተወረወረ። ሳይሪን ዘሎ አለፋትና የፓውካር ጀርባ ላይ አረፈ። አንገቱን አገኘሁ ብሎ የነከሰው ግን አያት ያርካን ነው! ጥርሱ ጥጡ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። አውሬው እየተናነቀ በጥፍሩ የፓውካርን ግማሽ ጆሮ ገነጠለ።

«ጎንበስ በል!» አለች ሳይሪ።

ጎንበስ አለ። ወንጭፏ ፏጨ። ድንጋዩ ፑማውን ግንባሩን አለው፤ አውሬው ጨርቁን ቀዶ ገደል ገባ፤ እስከ ባሕር ድረስ እየተራገመ የወረደ ይመስለኛል።

ፓውካር ደሙን እየጠረገ እጁን ወደ ኋላ ልኮ የተቀደደውን ጨርቅ ዳሰሰ። ከዚያ በኋላ ማሰሪያውን እየደጋገመ ያጠብቅ ጀመር።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ በጠባቡ መተላለፊያ ላይ በውኃው የሚሻሙን የላይኞቹ መንደር ሰዎች ቆመው ጠበቋቸው። መሪያቸው ቶርኮ ይባላል፤ አንገቱ ጉቶ፣ ልቡም ጉቶ።

«ሬሳችሁን ልታናፍሱ ወጣችሁ?» አለ ቶርኮ።

«አፍህን ታጠብ!» አለችው ሳይሪ።

«ታጥቤአለሁ። እኛ ውኃ አለን።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ድንጋዩ ዘነበ። ሳይሪ ጉልበቷን ተመትታ ቦዩ ዳር ወደቀች። ፓውካር ተራራ የሚያክሉ ሰዎችን እንደ ገለባ በተነ፤ እነሱ ግን በዙበት። አያትን ከጀርባው ፈትተው፣ እሱን እየረገጡ በረዶ ወደሞላው ስርጥ አንከባለሉት።

«ኧረ ገደሉን እናቅምሳቸው!» አለ ከሰዎቹ አንዱ አያትን ይዞ።

«የሰው አባት ጥለህ የአንተው እንዲጥልህ ነው?» አለ ቶርኮ። «በሩ እስኪከፈት ዋሻ ውስጥ ይቆዩ።»

ይዘዋቸው ሄዱ። ፓውካር በጥፍሩ ከስርጡ ሲወጣ ሳይሪ ከወደቀችበት ጠራችው።

«እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ? እኔ አልሞትም፤ የሚሞተው በቆሎው ነው። ሂድ!»

ሄደ። በረዶው እስከ ብብቱ ነበር። ጣቶቹ ጠቆሩ፤ ትንፋሹ አፉ ላይ እየረጋ ይሰበር ነበር። «መጣሁ፣ አባባ፣ መጣሁ» እያለ የላይኞቹን ዱካ ተከትሎ ወጣ። ቀትር ሲቃረብ ከሐይቁ በር አጠገብ ያለው ዋሻ ላይ ደረሰ።

ላይኞቹ የቀዘቀዘ ድንች እየበሉ፣ የበቆሎ ጠላ እየጠጡ ነበር። አያት ያርካ ግድግዳውን ተደግፈዋል። በእኛ አገር ዋንጫ መንታ ነው፤ አንዱ ለራስ፣ አንዱ ለሌላ። የፓውካር ዓይን አያት ፊት የተቀመጠው ዋንጫ ላይ አረፈ፤ ከዚያም ጠላ የራሰው ደረታቸው ላይ።

«ቀድታችሁላቸዋል!» ብሎ ጮኸ። ኮንዶሮች፣ እነዚያ ግዙፍ አሞሮቻችን፣ ከሰማይ ደንግጠው ተገለበጡ። የበሩ ጠባቂ እማማ ቺምፑ በትሯን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ማነው የቀዳላቸው?» አለች።

ሁሉም ወደ ቶርኮ ዞሩ። የቶርኮ የራሱ የመጀመሪያ አባት በሩ ላይ ተቀምጠው ወደ ዋሻው ያያሉ። በእሳቸው ፊት ማን ይዋሻል?

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ ቶርኮ መሬት መሬት እያየ። «ሽማግሌ ተጠምቶ እያየሁ እንዴት ልጠጣ? ልማድ ነው… ሳላስበው።»

«ቀድተህላቸዋል፤ እንግዳህ ናቸው። እንግዳ ከአባትህ ጎን ይቀመጣል። አንሣቸው!»

«ጠላቶቻችን ናቸው እኮ!»

«ጠላትህን ማን ጋብዝ አለህ? አንሣ ብያለሁ!»

ቶርኮ ጥርሱን እያፋጨ አያት ያርካን በገዛ ጀርባው ተሸክሞ በቦዩ አፍ አስቀመጣቸው። በሩ ተከፈተ። ውኃው ተራራውን እያንቀጠቀጠ ወደ እኛ ወረደ።

ከሥርዓቱ በኋላ ፓውካር በጠቆሩት ጣቶቹ ማሰሪያውን አጥብቆ አያትን ተሸከመና ቁልቁል ጀመረ። ላይኞቹ መተላለፊያው ላይ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ጠበቁት፤ ድንጋይ በወንጭፋቸው ውስጥ ነበር።

«አንድ ቀን ብቻህን ትመጣለህ» አለ ቶርኮ።

«እመጣለሁ» አለ ፓውካር።

የራሱን እንግዳ የሚመታ አልተገኘም። ከታች ሳይሪ ያበጠ ጉልበቷን ቦዩ ውስጥ ነክራ፣ ውኃው እስከ ጭኗ ደርሶ፣ ትጣራለች፦

«አንተ ሰነፍ፣ ምን ያንቀረፍፍሃል? ፈጠን በል፣ ይመቱሃል!»

«አልፈጥንም፣ እትዬ» አለ ፓውካር፣ ድንጋይ ከያዙት መሃል እያለፈ። «ብሮጥ አባባን ያንገጫግጫቸዋል።»