ጫፉ ወደ ግራ የወደቀው ቋጠሮ

እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያወራ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ወንበር የምቀይር ሰው ነበርኩ፣ ይህን ቀድሜ ልናገርና ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ፍረዱብኝ። ጅማ ለትምህርት መጥቼ እዚያው የቀረሁ የወልቂጤ ልጅ ነኝ፣ የተማርኩት መካኒክነት ነው፣ መኪና ውስጥ ድምፅ ከሰማሁ ወይ ቡሎን ላልቷል ወይ ጎማ ውስጥ ጠጠር ገብቷል እላለሁ እንጂ ጂን ነው፣ መንፈስ ነው የሚባል ወሬ ጆሮዬ አይገባም ነበር። ጓደኞቼ ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው። ዛሬ የሚስቅብኝ ካለ መብቱ ነው፣ ግን መጀመሪያ ይስማኝ።

ሥራዬን ላስረዳችሁ። ከጅማ ወደ የቡ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ቡናው መሀል፣ ለእረፍት የሚመጡ ሰዎች የሚያርፉበት አንድ ሎጅ አለ። እንግዶቹ ከአውሮፕላን ሲወርዱ ሻንጣ መጎተት የለም፣ ባዶ እጃቸውን በአስጎብኚ መኪና ቡና እርሻ ለማየት ይሄዳሉ፣ ሻንጣቸውን ግን እኔና ናስር ተቀብለን በሚኒባሳችን ሎጁ ድረስ እናደርሳለን፣ አመሻሽ ላይ ክፍላቸው ሲገቡ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ቀላል ሥራ ይመስላል፣ አይደለም። ሰው መድኃኒቱን፣ ወርቁን፣ የውስጥ ልብሱን ሳይቀር ለማያውቀው ሰው ሲያስረክብ አስቡት፣ የእኛ ሀብት ስማችን ብቻ ነበር፣ ስማችን ከጠፋ እንጀራችንም አብሮ ይጠፋል።

ናስር ማለት ወንድሜ ነው፣ ነበር ልበል። ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር፣ እነሱ ግቢ ተከራይቼ ነው የተዋወቅነው። አባቱን አባ ገሮ እንላቸው ነበር፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ሥራውን ስንጀምር ሁለታችንን አስቀምጠው የራሳቸውን ቋጠሮ አስተማሩን። ሲባጎውን ሁለቴ ያዞሩና ጫፉን በራሱ ሥር አሾልከው ያጠብቁታል፣ አንዴ ከተፈታ የማያውቅ ሰው መልሶ እንደዚያ ሊያስረው አይችልም።

"ይሄን ያሰረ ሰው የሰው ዕቃ አልነካሁም ብሎ መማሉ ነው። አማና ነው፣ ኢጆሌ ኮ" ይሉን ነበር፣ አደራ ነው፣ ልጆቼ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ የምንቀበለውን ሻንጣ ሁሉ በዚያ ቋጠሮ እናስራለን፣ ሎጁም ሌላ ነገር አይጠይቀንም፣ ቋጠሮውን አይቶ ይቀበላል። አንድ ልዩነት ብቻ ነበር። አባ ገሮ በግራ እጃቸው ስለሚሠሩ የእሳቸው ቋጠሮ ጫፍ ወደ ግራ ይወድቃል፣ የእኔና የናስር ወደ ቀኝ። ስንቀልድባቸው "የተገለበጠው የእናንተ ነው" ብለው ይስቁብናል። ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል፣ እመኑኝ፣ ቀብራቸው ላይ ከናስር እኩል ነው ያለቀስኩት፣ አባቴንም እንደዚያ አላለቀስኩለት።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት ሎጁ የራሱን መኪና ገዛና ከሁለት አንዳችሁን በቋሚነት እቀጥራለሁ አለ። እኔና ናስር ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ ወይ ሁለታችን ወይ ማናችንም ተባባልን።

"ያላንተ እኔ ልገባ? ወላሂ አላደርገውም ሙሌ፣ በአባቴ ቀብር" አለኝ፣ እጄን ይዞ።

በዚያው ሰሞን የአንድ ሽማግሌ እንግዳ የእጅ ሰዓት ሎጁ ውስጥ ጠፋ፣ ከአባታቸው የወረሱት ነው ተባለ፣ ያልተፈለገበት ቦታ የለም፣ አልተገኘም። ሽማግሌው አሳዘኑኝ እንጂ ነገሩ ዞሮ ወደ እኔ ይመጣል ብዬ በህልሜም አላሰብኩም።

ያን ቀን ጠዋት ናስር "ደዶ ገጠር ለቅሶ አለብኝ፣ ዛሬን ብቻህን ተወጣው" አለኝ። እኔ ሞኙ አጽናናልኝ ብዬ ሸኘሁት። ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ በዝናብ መሀል አረፈ፣ እንግዶቹ ሻንጣቸውን አስረክበውኝ ሄዱ፣ ሁሉንም አስሬ ጫንኩ፣ ልነሳ ስል የማውቀው የአውሮፕላን ጣቢያው ጫኝ እየሮጠ መጣ።

"ሙሌ! ይሄን ረስተህ ልትሄድ ነው እንዴ?"

በሲባጎ የታሰረ ያረጀ ቡናማ የቆዳ ሻንጣ ነው፣ አይቼው አላውቅም። የእኔ አይደለም አልኩት።

"እንዴት ያንተ አይደለም? ቋጠሮው የናንተ አይደል? ከሌሎቹ ጋር ነው ከአውሮፕላኑ የወረደው።"

ዝናቡ ዓይኔን እየመታኝ አጎንብሼ አየሁት፣ እውነትም ቋጠሯችን ነው። ናስር ለአንዱ እንግዳ ያሰረው፣ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ይሆናል አልኩ። ደወልኩለት፣ አያነሳም፣ ለቅሶ ቤት ነው ብዬ ተውኩት። ቋጠሮውን ካየን አናጣራም፣ ልማዳችን ነው፣ እኔንም የበላኝ ያ ልማድ ነው። ከበድ ስላለኝ ከሁሉም ሥር አስቀመጥኩትና ተነሳሁ።

ከተማውን አልፌ በየቡ የሚያልፈውን የአጋሮን መንገድ እንደያዝኩ ከኋላ ድምፅ መጣ። ቀጭ፣ ትንሽ ዝም፣ ቀጭ። ጠጠር ነው አልኩ። ፍጥነት ጨመርኩ፣ ድምፁ አልጨመረም፣ ቀነስኩ፣ አልቀነሰም፣ ይሄ እንግዲህ ለመካኒክ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ዳር ይዤ አቆምኩ፣ በዝናቡ ወርጄ ጎማዎቹን አየሁ፣ ምንም የለም። ሞተሩን አጠፋሁት። ቀጭ። መቁጠሪያ ነው፣ አንድ ሰው ተዝናንቶ፣ ምንም ሳይቸኩል መቁጠሪያውን አንድ በአንድ እየጣለ ነው። ከዚያ ድምፁ ቆመና አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ያንን ጉሮሮ አጠራረግ አውቀዋለሁ። አባ ገሮ ሰግደው ከመነሳታቸው በፊት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ በግድግዳ በኩል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ።

የኋላውን በር ከፈትኩ። ከሁሉም ሥር ያስቀመጥኩት ሻንጣ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። ሌሎቹ አልተነካኩም፣ አልተናዱም፣ እኔ እንደደረደርኳቸው ናቸው። እጄን ጣል ባደርግበት ፀሐይ ላይ የዋለ ያህል ይሞቃል፣ በዚያ ዝናብ። ያኔ ነው ቋጠሮውን ደህና አድርጌ ያየሁት፣ ጫፉ ወደ ግራ ወድቋል።

አትሳቁብኝ እንጂ አናገርኳቸው። "አባ ገሮ፣ እርስዎ ነዎት?" አልኩ፣ አውራ ጎዳና ላይ፣ ለሻንጣ! እውነቱን ልንገራችሁ አይደል፣ ብፈራም አንድ ጎኔ ደስ ብሎት ነበር። እኔን ፈልገው የመጡ መሰለኝ። ልጆቼ ካሉን አንዱ እኔ አይደለሁ? ስሜን ሊጠብቁልኝ፣ ሊያግዙኝ ነው አልኩና በሩን ቀስ ብዬ፣ የተኛ ሰው እንዳልቀሰቅስ ያህል ዘግቼ ነዳሁ።

ሎጁ ስደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። ዘበኛው ከፈተልኝ፣ ሰላም ግን አላለኝም። ሥራ አስኪያጇ በረንዳው ላይ ቆማለች፣ አጠገቧ ደግሞ ናስር፣ ደዶ ለቅሶ ሄድኩ ያለኝ ናስር፣ የሎጁን ጃኬት ለብሶ።

"ደዶ አልሄድክም እንዴ?" አልኩት።

"ሙሉጌታ፣ ሻንጣዎቹን አውርድና ሂድ" አለች ሥራ አስኪያጇ። "ከዛሬ ጀምሮ ከኛ ጋር አትሠራም።"

"ምን አጠፋሁ?"

"የእንግዳችንን ሰዓት ስታወጣ ጓደኛህ አይቶሃል።"

ወደ ናስር ዞርኩ። "ናስር፣ እኔ? አይተኸኛል?"

"መደበቅ አልቻልኩም ሙሌ" አለኝ በቀስታ። "አማና ነው።"

የአባቱን ቃል! ከሐሰቱ ይልቅ ያቺ ቃል ነች ያቃጠለችኝ። በዚህ መሀል ዘበኛው ሻንጣ ማውረድ ጀምሮ ነበርና ቡናማውን አንስቶ "ይሄስ የማን ነው? የእንግዶቹ አይመስልም" አለ። ናስር ቀና ብሎ አየው፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ከየት... ከየት አመጣኸው?" አለኝ።

ሥራ አስኪያጇ ይከፈት አለች። ዘበኛው ሞከረ፣ ቋጠሮው አልፈታ አለው። ናስርን ፍታው ስትለው ወደ ኋላ አለ። ያኔ እኔ፣ አዎ እኔው ራሴ፣ ደረቴን ነፍቼ "አምጡት፣ እኔ እፈታዋለሁ" አልኩ። አባ ገሮ ከኔ ጋር ናቸው ብዬ እኮ ነው! እውነቱን ሊያወጡልኝ ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተዋል ብዬ ነው። በጣቴ ነካ ሳደርገው ወዲያው ተፈታ።

ውስጡ አንዲት ነጭ ቆፍያ ብቻ ነበረች፣ አባ ገሮ ለጁምዓ የሚያደርጓት። ቆፍያዋ ውስጥ ሰዓቱ ተጠቅልሏል።

ያ ቀጭ ቀጭ የሰዓቱ ድምፅ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፣ እኔም ብዬ ነበር። ሰዓቱ ቆሞ ነው የተገኘው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በእኔ መኪና የመጣ፣ በእኔ ቋጠሮ የታሰረ፣ በእኔ እጅ የተፈታ ሻንጣ ነው፣ እኔ ራሴ ዳኛ ብሆን በራሴ ላይ እፈርድ ነበር። ናስርን አየሁት። እውነቱን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞሮ "ለኔ ስትሉ ፖሊስ አትጥሩበት፣ አብረን ነው የበላነው" ብሎ ለመነልኝ። ለመነልኝ፣ ይገባችኋል? ሥራ አስኪያጇ ሰዓቱን ወሰደች፣ ሻንጣውን እግሬ ሥር ወርውራ "ይሄንንም ይዘህ ውጣ" አለችኝ።

ጅማ እስክደርስ ከኋላዬ ምንም ድምፅ አልነበረም። ሻንጣውን ይዤ ቀጥታ የናስር እናት፣ እማማ ረውዳ ጋ ገባሁ። ገና ሲያዩት ብድግ አሉ።

"ያ ረቢ! ይሄ የአባ ገሮ ሻንጣ አይደል? ሐጅ የሄዱበት! ማን አወጣው?"

"የት ነበር እማማ?"

"አልጋዬ ሥር ነዋ! ዛሬ ቀትር ላይ ዙሁር ከሰገድኩ በኋላ እዚያው እያለ ዙሪያውን ጠርጌያለሁ። ጠዋት ናስር ጎትቶ አንድ ነገር ከተተበትና መልሶ..."

አልጨረሱትም። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ የደረሰብኝን ነገርኳቸው፣ ከዚያ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ "እማማ፣ ነገ አብረውኝ ይምጡና ያዩትን ብቻ ይንገሩልኝ፣ ሌላ አልፈልግም" አልኳቸው። ያመመኝ ጊዜ ሾርባ እየሠሩ ያስታመሙኝ፣ ጾሜን ስይዝ ለብቻዬ ያለሥጋ የሚሠሩልኝ ሴት ናቸው፣ እምቢ ይሉኛል ብዬ አልጠረጠርኩም።

"አንተም ልጄ ነህ ሙሌ" አሉኝ እያለቀሱ። "እሱ ግን ከሆዴ የወጣ ነው። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ተወው። ሻንጣውንም ቤቴ አታስገባብኝ፣ እፈራዋለሁ።"

በሳምንቱ ሚኒባሱንም፣ ግቢውንም፣ ጅማንም ትቼላቸው ወጣሁ። አሁን አሰንዳቦ ከተማ ባጃጅ እጠግናለሁ፣ እዚህ የሚያውቀኝ ሰው ስለሌለ ስሜ ገና ንጹሕ ነው። የናስር ክህደት ቢያንገበግበኝም ይገባኛል፣ ሥራውን ፈልጎ ነው። የእናቱም ይገባኛል፣ እናት ናቸው። የማይገባኝ የአባ ገሮ ነው። ያ ሻንጣ ከአልጋ ሥር ተነስቶ አውሮፕላን ላይ እንዴት እንደወጣ ማወቁን ትቼዋለሁ፣ ግን ለማን ነው የመጡት? ናስር ሰዓቱን ወስዶ እኔ ቤት ሊደብቅ አስቦ ከነበረ፣ ሥራውን አባቱ ጨረሱለት ማለት ነው። እኔ ያንን መንገድ ሁሉ እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ነው የነዳሁት። ከሁሉም የከዱኝ እሳቸው ናቸው እላለሁ አንዳንዴ፣ ሰው በሞተ ሰው ይቀየማል? እኔ ተቀይሜያለሁ።

ሻንጣውን መጣል አልሆነልኝም፣ ሁለቴ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ሲባጎውን አቃጥዬ፣ ባዶውን፣ ክፍቱን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት።

ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ በአዲስ ሲባጎ ታስሮ አገኘሁት። ጫፉ ወደ ግራ ነው። ላወርደው ብሞክር ከብዷል። ቁጭ ብዬ እያየሁት ሳለ ግቢው ውስጥ የአከራዬ የእትዬ ብርቄ ድምፅ ተሰማኝ፣ የልጃቸው የአንገት ሐብል ጠፍቶ ተከራዩን ሁሉ በየተራ እየጠየቁ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ነው።

"ሙሌ፣ አለህ?" እያሉ እያንኳኩ ነው። "እስቲ አንድ ጊዜ ክፈትልኝ።"