ያልፈላው ውሃ

ሃጅ ማሕጁብን የገደላቸው ሥራውን ያልሠራ ማሽን ነው። መርማሪ ሚያር ወደ አል-ሳሃፋ ሰፈር የተጠራችው ማሽኑን ማን እንዳስቆመው እንድታጣራ ነበር።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ሐኪም ቤት ከተቀደዱ ወዲህ የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በገባ ቱቦ ነው። ቱቦው እንዳይደርቅ አልጋቸው አጠገብ ያለው ማሽን ቀን ከሌት እንፋሎት ይሰጣቸዋል። ዛሬ ከቀትር በኋላ ቱቦው በደረቀ አክታ ተደፍኖ፣ ሞተው ተገኙ።

«ሠራተኛዋ ነቅላዋለች!» አለ ልጃቸው ወሊድ። «ይዘሻት ሂጂ፣ ያላ!»

ሚያር ማሽኑ ላይ አጎነበሰች። ሶኬቱ እንደተሰካ ነው። እዚያው ማከፋፈያ ላይ የተሰካው ማራገቢያ ይዞራል። የማሽኑ ውሃ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ቀዝቃዛም።

ጓዳ ገባች። ይህን ቤት አሥር ዓመት ያገለገለችው የወሎዋ ሉጥፊያ አንድ ጎኑ ያበጠ ፍራሿ ላይ ተቀምጣለች። ሚያር በእናቷ ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ አናገረቻት።

«ኻልቲ» አለቻት እንደ አክስት፣ «ቀትር ላይ የት ነበርሽ?»

«ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ መድኃኒት ልገዛ።»

«ፍራሹ ሥር ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? ትኋን።»

ሚያር ፍራሹን ገለጠችው። ግማሹ የጎደለ የባትሪ ውሃ ጀሪካን ነበር።

«እኔ ነኝ ማሽኑ ውስጥ የጨመርኩት» አለች ሉጥፊያ። «ጻፊውና እንሂድ።»

«ስትዋሺ ልክ እንደ እናቴ ነሽ፤ ትቸኩያለሽ።»

አስከሬኑ ከተወሰደ በኋላ ሚያር ወሊድን፣ እህቱን ዐለዊያንና ሉጥፊያን ሽማግሌው ክፍል ሰበሰበች።

«እዚህ ማሽን ውስጥ ሁለት ዘንጎች አሉ» አለች። «ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በውሃው በኩል ነው። ሲሻገር ውሃው ራሱ ይፈላል። የሚያሻግረው ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለ ጨው ነው። የቧንቧ ውሃ ጨው አለው፤ የባትሪ ውሃ ግን ተጣርቶ ምንም ጨው አልቀረውም።»

ሶኬቱን ነቀለች፤ ቆንጥራ ጨው ጨመረች፤ መልሳ ሰካችው። ጥቂት ቆይቶ እንፋሎቱ ወደ ባዶው አልጋ ተነሣ።

«ሉጥፊያን ፋርማሲስቱ ወረፋ ላይ አይቷታል። ወሊድ ሥራ ላይ ነበር። ቤት የቀረው…»

«ዐባይ ሞልቶ ቧንቧው ጭቃ ያመጣ ነበር» አለች ዐለዊያ። ድምፅዋ በቅጡ አይሰማም። «ለአባቴ ሳንባ ንፁሁን የባትሪ ውሃ ገዛሁ። ሞላሁለት። ተኝቷል ብዬ፣ አቧራ እንዳይገባበት በሩን ዘግቼ ወጣሁ።»

ወሊድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?» አለች ሉጥፊያ ለሚያር በአማርኛ። «ስመለስ ጀሪካኑን አይቼ ገባኝ፤ የደበቅሁት አባቷን እንደገደለች እንዳታውቅ ነው።»

«ትታሰሪ ነበር።»

«የታሰረ ይፈታል፣ ልጄ። እሷስ?»

ሚያር ሶኬቱን ነቀለች። ዐለዊያ ተነሥታ ወጣች። አቧራ እንዳይገባ፣ እንደ ቀትሩ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።