የፈንታሁን እህል ውሃ

መቶ አለቃ ክንፈ አቀስታ ላይ ሌላ ሬሳ መርምሮ ጫማውን ገና ሳያወልቅ ነበር «መካነ ሰላም ዘፋኝ ሞቷል» ተብሎ የተጠራው። ዘመኑ ስልሳ ሰባት ነው፤ ንጉሡ ወርደዋል፣ ረሃቡ ግን ከዙፋኑ ንቅንቅ አላለም።

ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚያወጣው ፈንታሁን መደቡ ላይ ተዘርሯል። አንገቱን ቀጭን ሰንበር ዞሮታል።

«እሷ ናት በማሲንቆው ጭራ ያነቀችው» ይላል አገሩ። እሷ የተባለችው ጥላው እናቷ ቤት የገባችው ሚስቱ አስቻለች ናት። እጇ ታስሯል፤ የምትጠባ ልጇ ደረቷ ላይ ተለጥፋለች። ነገ ደሴ፣ ወህኒ ቤት ትወሰዳለች።

ክንፈ ማሲንቆውን አየው፤ ጭራው እንደተወጠረ ነው። ከሰንበሩ ላይ ቢጫ የሲባጎ ጭረት በጥፍሩ ለቀመ።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«ወላሂ ዘፈን አይበላማ!» አለች አስቻለች። «ስሄድ ይቺን ካሴት ላከልኝ።»

ክንፈ የሟቹን ጎረቤት፣ የቅኔ መምህሩን መሪጌታ ኃይለ ማርያምን ጠየቃቸው። «የኔታ፣ ካሴቷን ሰምተዋታል?»

«ሚስቱን መሰናበቱ ነው ልጄ። እህል ውሃችን አለቀ፣ ፈጣሪ በላይ ሆኖ ለያየን ይላል። ደግሞ የቅኔ መምህር ዘፈን ይጠየቃል?»

የርዳታ ስንዴ መጋዘን ኃላፊው በላይ ደግሞ በር ላይ እንደቆመ፣ «እኔ ዘፈን አልሰማም። ካሴቱንም በዓይኔ አላየሁ» አለ።

ክንፈ ካሴቷን ከዳር እስከ ዳር ሰማት፤ ፍቅር ነው። ደገማት፤ አሁንም ፍቅር። ድካሙ ዓይኑን ይከድነዋል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፤ እንደገና ሲያስጀምራት ሆዱ ጮኸ፣ «እህል» የሚለው ቃልም እህል ሆኖ ጆሮው ገባ። ቀና አለ።

«ሁሉንም ጥሩልኝ።»

ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ሲቀመጡ ቴፑን ከፈተ።

«ዓይኔም እንባ አዝሎ ማንም አላበሰው፣»

«ዝጋው!» በላይ ዘሎ ተነሣ። «ስም ማጥፋት ነው!»

ክንፈ ቴፑን ገታ። «የማንን ስም?»

«የኔን ነዋ!»

«ስምህ ገና መች ተነሣ?» አለና መልሶ ለቀቀው።

«እህል ውሃችንን በላይ ጨራረሰው።»

ክንፈ በደከመ ድምፅ ቀጠለ። «የተነቀለ ጭራ የለም፤ ስለዚህ ማሲንቆው አላነቀውም። ያነቀው ጆንያ የሚሰፋበት ሲባጎ ነው። ሲባጎ ግን የትም ቤት ይገኛል፤ ስለዚህ ካሴቷን ጠየቅኋት። እኛ ትዳር ነው ብለን በላይን ሰማይ ላይ ሰቀልነው። ፈንታሁን የሚለው ግን የተሰረቀውን የርዳታ ስንዴ ነው፤ በላይም አንተው ነህ። ካሴቱን ያላየ ሰው ያልተዘፈነ ስንኝ ከየት ሰማ? ከፈንታሁን ከራሱ አፍ ሰምተህ አነቅኸው። ካሴቷ ግን ሚስቱ ጋ ነበረች።»

«ገበያ መሀል አሰማታለሁ አለኛ!» አለ በላይ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። ፖሊሶቹ እጁን ያዙት።

«ሰሙን ብቻ ልሰው ቀሩ፣ የኔታ?» ብላ ሳቀች አስቻለች።

ገመዷ ሲፈታ ግን ሳቋ ጠፋ። «ጌታው… እንግዲያ የተሰናበተው እኔን አይደለም?»

«አንቺን አይደለም።»

«ካሴቷን ይስጡኝ።»

«ማስረጃ ናት፤ ታሽጋ ደሴ ትሄዳለች።» ክንፈ እጁ ላይ ያለውን ማሸጊያ ወረቀት አየና መሬት ላይ አስቀመጠው። «ግን ገና አላሸግኋትም። ተቀመጪ።»

ካሴቷን ከመጀመሪያው አስጀመረላት። አስቻለች ልጇን ወደ ቴፑ አስጠጋቻት።

«ስሚ» አለቻት፤ «አባትሽ ነው።»