አምስት ጊዜ የታጠበው ቀይ ክር

ነፋሴ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ከአባቷ እኅት ጋር፣ አንድ ሰፊ መስኮት ባለው ቤት ውስጥ ነው። ሌላ ስም ነበራት፤ ነገር ግን ስትላክ ሽው፣ ስትመለስም ሽው ስለምትል ሰፈሩ ሁሉ ነፋሴ አላት፤ እሷም ወደደችው። ከእናንተ መካከል ሲላክ ሽው የሚል ልጅ ካለ ጎሽ ብያለሁ። ሥራ ላይ ሽው ማለት ግን ምን እንደሚያመጣ አሁን ትሰማላችሁ።

አክስቷ ጥልፍ ጠላፊ ናቸው። ትልቅ ትንሹ «እታበባ» ይላቸዋል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው መስኮቱ ሥር ከተቀመጡ፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ ቀና አይሉም። አንድ ቀን የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር መጡና ለልጆቹ አዲስ ክፍል ባለ አበባ የጠረጴዛ ጨርቅ እንዲጠልፉ ለመኗቸው። ክፍሉ የሚከፈተው ከአራት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ጠዋት ነው።

እታበባ ነጩን ጨርቅ ዘረጉና የሰባት አበባ ቅርጽ በእርሳስ ነደፉበት። ክሮቹን ከሣጥን አውጥተው በላዩ ላይ ደረደሩ።

«በይ ነፋሴ፣ ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ። ቀለም ምረጪልኝ።»

ነፋሴ ደስ አላት። ለግንዱ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ለቅጠሉ ፈካ ያለ አረንጓዴ፣ ለአበባው እምብርት ቢጫ መረጠች። እታበባ ለአበባው ሮዝ ክር ሲያነሱ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ሮዙ ነጩ ላይ ይደበዝዛል እታበባ። ይሄ ደማቁ ቀይ ይሁን።»

«ምርጫሽ ጥሩ ነው። ግን ይሄ ቀይ ቀለሙን ይለቃል። ሳይታጠብ ከተጠለፈ፣ ጨርቁን ውሃ የነካው ዕለት አበባው ሁሉ ወደ ነጩ ይፈሳል። ስለዚህ በጨው ውሃ ሦስት ጊዜ እጠቢው። ውሃው እንደ ገባ ንጹሕ ሆኖ ካልወጣ አራተኛም ታጥቢዋለሽ። የመረጥሽው አንቺ ነሽ፣ አደራውም ያንቺ ነው።»

ነፋሴ ሳፋዋን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ክሩን አንድ ጊዜ ነከረችው። ውሃው ደም መሰለ። ሁለተኛውን ውሃ ልትቀዳ ስትል ጓደኞቿ መዝለያ ገመድ ይዘው መጡ።

«ነፋሴ፣ ነይ እንዝለል። አንድ ሰው ጎድሎናል።»

ክሩን አየችው። ገመዱን አየችው። እናንተስ ብትሆኑ የትኛውን ረዘም አድርጋችሁ ታዩ ነበር? ክሩን የልብስ ማስጫው ላይ ጣል አደረገችና ሽው አለች።

ስትመለስ እታበባ ጠየቋት።

«ሦስት ጊዜ አጠብሽው?»

«ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ።»

«ውሃው ጠራ?»

«እንደ መስታወት ነው የጠራው።»

ለክሩ የተሰጣትን ጨው ለራሷ አደረገችው፤ ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች። እታበባም አመኗት።

ከሦስት ሳምንት በላይ ተጠለፈ። ግንዱ ቀለበት ከቀለበት እየተያያዘ በሰንሰለት ስፌት ወጣ። ቀዩ አበባ በተጠጋጋ ስፌት ተሞላ፤ በመሀሉ ነጭ አይታይም። እምብርቱ ላይ እታበባ ቢጫውን ክር መርፌው ላይ ሁለቴ እየጠመጠሙ ጥቃቅን ቋጠሮ አስቀመጡ። የነፋሴ ሥራ መርፌው ላይ ክር ማስገባት ነበር። ጎረቤት መጥቶ «እንዴት ያምራል» ሲል፣ እሷ ውሃ ልትጠጣ ትወጣለች።

«እታበባ፣ ጨርቁ የግድ ይታጠባል እንዴ?» አለች አንድ ቀን።

«ታዲያ የእርሳሱ ምልክት በምን ይለቃል? የእኔና ያንቺ እጅስ ስንት ቀን ዳሰሰው?»

ሰባተኛው አበባ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አለቀ። እታበባ ሳፋው ላይ ውሃ ሞሉና ጨርቁን አነሱ። ነፋሴ ዝም ብትል ምን ይሆናል? «ክሩ መናኛ ነው» ይባላል፤ ክር ሻጩ ይወቀሳል፤ ማንም አያውቅባትም። ልጆች፣ ፈተና እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ቀስ ብሎ፣ ምክንያት አዘጋጅቶ። ነፋሴ ግን በሰባቱ አበባ ላይ ጎብጦ የሰነበተው የአክስቷ ወገብ ታያት። ሮጠች። በዚህ ጊዜስ ሽው ማለቷ ደግ ነበር። ጨርቁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እታበባ፣ አያጥቡት። ክሩን ያጠብኩት አንዴ ብቻ ነው። ዋሽቼዎታለሁ።»

እታበባ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ከተረፈው ቀይ ክር ቁራጭ አንስተው አረጠቡና ነጭ እራፊ ላይ ጫኑት። እራፊው ቀላ። እራፊውን ሰባቱ አበባ አጠገብ አስቀመጡት። ነፋሴ አለቀሰች።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ለእግዚአብሔርም ራስሽ ንገሪው» አሉ እታበባ። «ውሃው ሳይነካው መናገርሽ ጨርቁን አድኖታል። አሁን ቀዩ በሙሉ ይፈታል። ሰባት አበባ በሁለት ቀን ብቻዬን አልችልም። አንቺም ትጠልፊያለሽ።»

«እኔ እኮ ክር ነው የማስገባው።»

«ይሄን ሁሉ ሳምንት ዓይንሽ እጄ ላይ አልነበር እንዴ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ። በይ ተነሺ፣ አብረን እንለቅማለን።»

እታበባ በትንሽ መቀስ ከጨርቁ ጀርባ ቀዩን እየቆረጡ ፈቱ። ነፋሴ አዲስ ቀይ ክርና ጨው ይዛ ወጣች። ውሃ እየቀዳች ጥፋቷን ለእግዚአብሔር ነገረችው። የመጀመሪያው ውሃ ደም መሰለ። ሁለተኛውም ቀላ። ሦስተኛው ሮዝ ሆነ። ጓደኞቿ ገመዱን ይዘው መጡ።

«ነፋሴ፣ አትመጪም?»

«ውሃው ገና አልጠራም።»

አራተኛው ፈዘዘ። አምስተኛው የሳፋው ግርጌ ላይ ያለችው ጭረት እስክትታይ ድረስ ጠራ። ነፋሴ ብቻዋን ሳቀች።

ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ቅዳሜም ከጠዋት ጀምሮ፣ መስኮቱ ሥር ሁለት ጀርባ ጎበጠ። የነፋሴ የመጀመሪያ አበባ ጨርቁን አኮማተረው፤ ክሩን አጥብቃ ስባው ኖሯል። ማንም ሳያዛት ራሷ ፈታችና እንደገና ጀመረች። ጣቷን ሁለት ጊዜ ተወጋች። እታበባ አራት፣ እሷ ሦስት አበባ ጠለፉ። ከዚያ ጨርቁ ሳፋው ውስጥ ገባ።

«ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ» አሉ እታበባ። «ንገሪኝ።»

ነፋሴ ጎንበስ ብላ አየች። የእርሳሱ ምልክት ጠፍቷል። ቀዩ በቦታው ነው። ውሃው እንደ ገባ ንጹሕ ነው።

«ጠርቷል። እርስዎም ይዩት እታበባ።»

«ጠራ» የሚለውን ቃል ከዚህ በፊትም ተናግራው ነበር፤ ዛሬ ግን እውነት ነበር። እታበባ አዩና እልል አሉ። ነፋሴም ተቀበለቻቸው። ጎረቤት ሁሉ ምን ተገኘ ብሎ ወጣ።

እሁድ ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

«እታበባ፣ እጅዎ ይባረክ» አሉ መምህሩ።

«ሦስቱ አበባ የእሷ እጅ ነው» አሉ እታበባ።

ነፋሴ በልጆቹ ሁሉ ፊት ቆማ «መጀመሪያ ዋሽቼ ነበር» ብላ ጀመረችና ሁሉንም ተናገረች። ማንም አልሳቀባትም፤ ጭብጨባው አልቆም አለ። እታበባ መርፌ እንዳይወጋቸው ጣታቸው ላይ የሚያጠልቁትን የብረት ቆብ ከኪሳቸው አውጥተው ጣቷ ላይ አደረጉላት። ሰፍቷት ነበር፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ አላወለቀችውም።

ያ ጨርቅ ይኸው በዚህ ክፍል ጠረጴዛ ላይ፣ ፊታችን ያለው ነው። ስንት ጊዜ ታጠበ፤ ነጩ ዛሬም ነጭ፣ ቀዩም ቀይ ነው። ስትወጡ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከሰባቱ አበባ አንዷ ትንሽ ዘመም ያለች ናት፤ ነፋሴ አብልጣ የምትኮራውም በእሷ ነው።

ልጆች፣ አደራችሁን አታጓድሉ፤ ብታጓድሉ ግን ጥፋቱ ሌላውን ሳይነካ እውነቱን ተናገሩና አስተካክሉት፤ እውነት ተናግሮ ጥፋቱን ያቃና ሰው አያፍርም።